ፋየርዎል የሚገዛ ዕቃ አይደለም

ስለ ኮምፒውተር ደህንነት በሚነሳበት ስብሰባ ሁሉ «ፋየርዎል አለን» የሚል መልስ ይሰማል። ጠያቂው ሥራ አስኪያጅም ይሁን ኦዲተር ይህን ከሰማ በኋላ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራል። መላሹም ሰሚውም በዓይነ ልቦናቸው የሚያዩት አንድ ሣጥን ነው፤ በሰርቨር ክፍሉ ራክ ላይ የታሰረ፣ አረንጓዴ መብራት የሚያበራ፣ በየዓመቱ ላይሰንስ የሚከፈልበት ሣጥን። ሣጥኑ ካለ ጥበቃ አለ፣ ሣጥኑ ውድ ከሆነ ጥበቃው ጠንካራ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ይጋራዋል። በሻጮች ብሮሹር፣ በኮሌጅ ማስተማሪያ፣ በጨረታ ሰነድ፣ በኦዲት ቅጽ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። እኔ ግን እምነቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ድርጅቶች ብዙ ገንዘብ ከፍለው፣ ሳይጠበቁ እንደተጠበቁ እንዲያስቡ የሚያደርግ ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ትርጉሙን ላስቀምጥ። ፋየርዎል ማለት እኩል እምነት በማይጣልባቸው ወገኖች መካከል የሚመላለስ የኔትወርክ ግንኙነት በሙሉ የግድ የሚያልፍበት፣ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከል ባለቤቱ አስቀድሞ የወሰነውን ደንብ በእያንዳንዱ ግንኙነት ላይ የሚያስፈጽም ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በሣጥን ሊሠራ ይችላል። በተራ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ሶፍትዌርም ይሠራል። በክላውድ ላይ ሰርቨር የተከራየ ሰው ደግሞ አንድም ሣጥን ሳያይ ጥቂት መስመሮች ጽፎ ያቆመዋል። በማንኛውም መልኩ ቢሠራ ግን ውሳኔው ከሌለ፣ ሁሉም የሚያልፍበት ካልሆነ ወይም ውሳኔውን የማስፈጸም አቅም ካጣ፣ የቀረው ነገር ዋጋው ስንትም ቢሆን ፋየርዎል ሊባል አይገባም።

ይህን ያልኩት ከራሴ አንቅቼ አይደለም። በኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ላብስ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ቼስዊክና ስቲቨን ቤሎቪን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙትና ሙያው እንደ መሠረት በሚቆጥረው መጽሐፋቸው ፋየርዎልን የገለጹት በሁለት ኔትወርኮች መካከል የተቀመጡ ክፍሎች ስብስብ አድርገው ነው፤ ለስብስቡም ሦስት ባሕርያት ሰጥተውታል። ከውስጥ ወደ ውጭም ሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄደው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ የድርጅቱ የደህንነት ፖሊሲ የፈቀደው ብቻ ያልፋል፤ እሱ ራሱም ሰርጎ ገብ የማይደፍረው ነው። ከሦስቱ አንዱም የአምራች ስም፣ የሞዴል ቁጥር ወይም ፍጥነት አይጠቅስም። ከ30 ዓመት በኋላ የመሥሪያ ቤቶች መጠይቅ የሚጠይቀው ግን እነዚያን የአምራች ዝርዝሮች ብቻ ነው።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት ከአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የዴቪስ ቤሲ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለ ዎርም ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀ። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ስለነበር በአንድ ፓኬት ይጠቀለል ነበር። በዩዲፒ ፖርት 1434 እየገባ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለባቸውን ማሽኖች ይይዛል፤ የተያዘው ማሽን ወዲያውኑ ያንኑ ፓኬት ያለማቋረጥ ወደ ሌሎች ይልካል። ሊያዙ ይችሉ ከነበሩት ማሽኖች እጅግ የሚበዙት በ10 ደቂቃ ውስጥ ተይዘዋል። ዴቪስ ቤሲ ፋየርዎል ነበረው። ፋየርዎሉም ይህን ፖርት ይከለክል ነበር። ሣጥኑ በቦታው፣ ደንቡም ትክክል ሆኖ ሳለ ዎርሙ ማመንጫው ውስጥ ገባ።

የገባው በአንድ ተቋራጭ በኩል ነው። የተቋራጩ ኔትወርክ ከማመንጫው ባለቤት ኩባንያ የቢሮ ኔትወርክ ጋር በቲ-1 መስመር ተገናኝቶ ነበር፤ መስመሩ በፋየርዎሉ ሳያልፍ በቀጥታ ከጀርባው ይገባል። ዎርሙ በዚያ መስመር ወደ ቢሮው ኔትወርክ፣ ከቢሮው ደግሞ ወደ ማመንጫው ኔትወርክ ተሻገረ። እዚያም ማይክሮሶፍት ከስድስት ወር በፊት ያወጣው ማስተካከያ ያልተጫነበት ሰርቨር አገኘ። የማመንጫውን የደህንነት መለኪያዎች ለኦፕሬተሮች የሚያሳየው የኮምፒውተር ሥርዓት ለ5 ሰዓት ያህል ከሥራ ውጭ ሆነ። ማመንጫው በሌላ ምክንያት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኃይል ማመንጨት አቁሞ ስለነበር የከፋ ነገር አልደረሰም።

ከዚያች ቀን በፊት አንድ ኦዲተር ቢመጣና ሣጥኑ መኖሩን፣ ላይሰንሱ አለመቃጠሉን፣ ደንቡም ትክክል መሆኑን ቢጠይቅ ለሦስቱም «አዎ» የሚል መልስ ባገኘ ነበር። ጉድለቱ ሣጥኑ ውስጥ ስላልነበረ ሣጥን የሚመረምር ሰው ሊያገኘው አይችልም። «ወደ ውስጥ የሚገባው ሁሉ በዚህ ያልፋል ወይ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ግን ያን የቲ-1 መስመር በመጀመሪያው ጥያቄ ያገኘዋል። በመንገድ ላይ ኬላ የሚያቆም ሰው አስቀድሞ የሚያጣራው በጎን የሚያዞር መንገድ መኖር አለመኖሩን ነው፤ ኮንትሮባንድ የጫነ መኪና ኬላውን አይጥስም፣ ይዞረዋል።

በየመሥሪያ ቤቱም እንዲህ ያለ ማዞሪያ ሞልቷል። ቅርንጫፉ የዋናው መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍበት የራሱን መስመር ያስገባል። የሶፍትዌር አቅራቢው ለጥገና ብሎ ሞደም ትቶ ይሄዳል። ሠራተኛው በገመድ ከውስጥ ኔትወርክ ጋር የተያያዘውን ኮምፒውተር ከስልኩ ሆትስፖት ጋርም ያገናኘዋል። እነዚህ ሁሉ በሚሊዮን ብር ለተገዛው ሣጥን ፈጽሞ አይታዩትም፤ ሊያያቸው የሚችለው ኔትወርኩን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ትርጉሙ እንዲህ የተዛባው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ዎርም በጊዜው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ሲያንበረክክ፣ እርስ በርስ ይተማመን የነበረው የተመራማሪዎች ኔትወርክ ደነገጠ። በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽንና በቤል ላብስ የነበሩ መሐንዲሶች ከውጭ ጋር በሚገናኙበት መተላለፊያ ላይ ማጣሪያ መጻፍ ጀመሩ። የሚሸጥ ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ራሱን «የእኛ ሠራተኞች ከውጭ ምን ያስፈልጋቸዋል? የውጭ ሰዎችስ ከእኛ ምን ሊያገኙ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። መልሱን ካገኘ በኋላ ነው ኮድ የሚጽፈው። ውሳኔው ቀድሞ፣ መሣሪያው ተከትሎ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ገበያው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 የእስራኤሉ ቼክ ፖይንት ደንቦችን በስክሪን ላይ በሥዕላዊ ምልክቶች ማቀናበር የሚያስችለውን ፋየርዎል-1 አወጣ። በዚያው ዓመት ብቅ ያለውንና ሲስኮ ወዲያው የጠቀለለውን ፒክስን የመሰሉ ምርቶች ደግሞ ነገሩን ተሰክቶ የሚሠራ ሣጥን አደረጉት። ይህ ሥራውን እጅግ እንዳቀለለው አልክድም፤ ኮድ መጻፍ የማይችል ባለሙያም ደንብ ማስፈጸም ቻለ። ነገር ግን በካርቶን ታሽጎ ሊመጣ የሚችለው የማስፈጸሚያው ክፍል ብቻ ነው። የእናንተ የደመወዝ ሰርቨር ከየትኞቹ ኮምፒውተሮች እንደሚከፈት ከፋብሪካ ተወስኖ ሊመጣ አይችልም። ሻጭ ያለውን ይሸጣል፤ ያለውንም ነገር በሙሉ ስሙ ይጠራዋል። ገዢው በካርቶኑ ውስጥ ሙሉውን ነገር ያገኘ ሲመስለው ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ከነጭራሹ ተረሳ።

ጥያቄው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት መሣሪያው በውስጡ የሚያደርገውን ማየት በቂ ነው። አንድ ፓኬት ሲደርስ ከየት እንደተነሳ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ፕሮቶኮልና ፖርት እንደሆነ ያነባል፤ ቀድሞ የተፈቀደ ግንኙነት ቀጣይ መሆን አለመሆኑንም ከማስታወሻው ያመሳክራል። ከዚያ ባለሙያዎቹ ሩል የሚሏቸውን ደንቦች ከላይ ወደ ታች ያነባቸዋል፤ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይፈጸምና ንባቡ እዚያው ያበቃል። የመጨረሻው መስመር «ከላይ ያልተፈቀደ ሁሉ ይከልከል» የሚል መሆን አለበት። መሣሪያው ደመወዝ ምን እንደሆነ፣ የሕሙማን መዝገብ ለምን ምስጢር እንደሚሆን አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥርና ተራ ነው።

ታዲያ አንድ ሌሊት ሲስተም ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ ይደውላል፤ አቅራቢው «ፋየርዎላችሁ ነው የዘጋብን» ይላል። የደከመው ባለሙያ ከዝርዝሩ አናት ላይ «ከየትም ወደ የትም፣ ማንኛውም ፖርት፣ ፍቀድ» የሚል አንድ መስመር ይጨምራል፤ ለጊዜው ብሎ። ሲስተሙ ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ መስመሩ ግን እዚያው ይቀራል። ከሥሩ ያሉት መቶ ደንቦች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አይነበቡም፤ ንባቡ አናት ላይ ያልቃልና። አረንጓዴው መብራት እንደበራ ነው፤ ላይሰንሱም እንደተከፈለ ነው። ያ ድርጅት ፋየርዎል አለው? በሣጥኑ ትርጉም አለው። በእኔ ትርጉም የለውም፤ ያለው ኤሌክትሪክ የሚበላ ራውተር ነው።

ይህ የጥቂት ሰነፎች ችግር አይደለም። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው አቪሻይ ዉል እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ከተለያዩ ድርጅቶች የተገኙ የ37 ፋየርዎሎችን ደንቦች መርምሮ ነበር። ስሕተት በሰፊው ተገኝቷል፤ የደንቡ ዝርዝር በተወሳሰበ ቁጥርም ስሕተቱ ይበዛ ነበር። ሣጥኖቹ አልተበላሹም፤ የታዘዙትን በትክክል ይፈጽሙ ነበር። ከቀደምት ፋየርዎሎች ሠሪዎች አንዱ የሆነው ማርከስ ራነምም በ2005 የኮምፒውተር ደህንነትን መጥፎ ሐሳቦች ሲዘረዝር ያልተከለከለውን ሁሉ መፍቀድን አንደኛ አድርጎ አስቀምጦታል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሰው ውሳኔ ነው።

የሚከራከሩኝ ሰዎች ጠንካራ መልስ አላቸው፤ በአግባቡ ላቅርበው። ኦፊሴላዊ ሰነዶቹ ራሳቸው «መሣሪያ» ይላሉ ይሉኛል። እውነት ነው። የኢንተርኔት መሐንዲሶች ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው አርኤፍሲ 2647 ፋየርዎልን በኔትወርኮች መካከል የመዳረሻ ቁጥጥር ፖሊሲን የሚያስፈጽም መሣሪያ ወይም የመሣሪያዎች ስብስብ ይለዋል። የአሜሪካ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም የሆነው ኒስት በ2009 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የተለያየ የደህንነት ይዞታ ባላቸው ኔትወርኮች ወይም ማሽኖች መካከል ያለውን ፍሰት የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች ወይም ፕሮግራሞች ናቸው ይላል። ነገር ግን እነዚህን ትርጉሞች እስከ መጨረሻቸው እናንብባቸው። የመጀመሪያው መሣሪያውን ፖሊሲ በማስፈጸሙ ይለየዋል፤ ሁለተኛው በመሣሪያና በፕሮግራም መካከል አይመርጥም፣ የሚለየው በሁለቱ ወገኖች የደህንነት ልዩነትና በቁጥጥሩ ነው። ፖሊሲውን ከመጀመሪያው አውጡት፤ የሚቀረው ፓኬት የሚያስተላልፍ ማንኛውም መሣሪያ ነው። ሰነዶቹ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንዱን ስም መርጦ ግሡን የጣለው አንባቢው ነው።

«ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ነው፤ ሣጥኑ ከምንም ይሻላል» የሚሉም አሉ። ለእነሱ የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት አሳያለሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው የቤዛ ሶፍትዌር በእንግሊዝ ካሉት የሆስፒታል አስተዳደሮች ሲሶ ያህሉን አወከ፤ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፣ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል ተመለሱ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት አንድ አስደንጋጭ ነገር ያዘለ ነው። ተቋማቱ የማይክሮሶፍትን ማስተካከያ ቢጭኑም ባይጭኑም፣ ወደ ኢንተርኔት የዞሩ ፋየርዎሎቻቸውን በአግባቡ ቢያስተዳድሩ ኖሮ ከጥቃቱ ይድኑ ነበር ይላል። የጎደለው መግዛት ሳይሆን ማስተዳደር ነበር። ከምንም አይሻልም እንኳ የምልበት ጊዜ አለ፤ ምንም የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃልና።

የዛሬዎቹ «አዲስ ትውልድ» የሚባሉት መሣሪያዎች ራሳቸው ያውቃሉ የሚለው ተስፋ ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ አፕሊኬሽንን ከሌላው ይለያሉ፣ የታወቁ ጥቃቶችን ይይዛሉ፤ ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን የዛሬ የድረ ገጽ ግንኙነት አብዛኛው የተመሰጠረ ነው፤ ሁሉም በፖርት 443 ያልፋል። መሣሪያው ውስጡን እንዲያይ ከተፈለገ ምስጠራውን እንዲፈታ መፍቀድ ያስፈልጋል። የሠራተኛውን የባንክ ግንኙነት ይፍታ? የሐኪም ቤት ደብዳቤውንስ? የፈታውን የት ያስቀምጥ፣ ማን ይየው? መሣሪያው ብልህ በሆነ ቁጥር ሰው የሚወስነው እየበዛና እየከበደ ይሄዳል። ብዙዎቹ እነዚህን ተግባሮች ገዝተው አንዱንም ሳይከፍቱ የላይሰንሱን ዕድሜ ይጨርሳሉ።

በዚህ ላይ ሣጥኑ ራሱ ኮምፒውተር መሆኑ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በፓሎ አልቶ ፋየርዎሎች ሶፍትዌር ላይ በክብደት መለኪያው ከ10 ሙሉ 10 የተሰጠው ጉድለት ይፋ ሆነ። የርቀት መግቢያ አገልግሎቱን የከፈቱ ደንበኞች ላይ፣ የተጠቃሚ ስምም ይለፍ ቃልም የሌለው ሰው መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ሊያዝበት ይችል ነበር፤ ማስተካከያው ከመውጣቱ በፊትም ጥቃት ተፈጽሞበታል። በ2019 ደግሞ የአሜሪካው ካፒታል ዋን ባንክ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎችን መረጃ ሲያጣ፣ ዘራፊዋ የተጠቀመችው በትክክል ያልተስተካከለ የድር አፕሊኬሽን ፋየርዎል ነው። ለጥበቃ የቆመው ሶፍትዌር ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ተሰጥቶት ስለነበር ዘረፋው በእሱ ሥልጣን ተፈጸመ። ቼስዊክና ቤሎቪን ሦስተኛውን ባሕርይ ያስቀመጡት ለዚህ ነበር። ሣጥን ገዝቶ መርሳት የሚቻል መስሎት ለዓመታት ማሻሻያ ያልጫነ ድርጅት፣ ለወራሪው የኔትወርኩን ከፍተኛ ቦታ አስረክቧል።

በተቃራኒው ጫፍ «ፋየርዎል ሞቷል» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጄሪኮ ፎረም የተባለው የባለሙያዎች ስብስብ፣ ቆይቶም ጎግል በ2014 ይፋ ባደረገው ቢዮንድኮርፕ በተባለው አሠራሩ፣ «ውስጥ» እና «ውጭ» የሚል ድንበር እንደማያዋጣ ተከራክረዋል። ስለ ድንበሩ ልክ ናቸው። ሠራተኛው ከቤቱ ይሠራል፣ መረጃው ክላውድ ላይ ነው፤ አንዴ ውስጥ የገባ ሁሉ ይታመን ማለት ሞኝነት ነው። ፋየርዎል ሞቷል ሲሉ ግን የሣጥኑን ትርጉም ከሻጮቹ ተውሰው ነው። «ዜሮ ትረስት» የሚባለውን አሠራር የደነገገው የኒስት የ2020 ሰነድ ልቡ ምንድን ነው? ፖሊሲ የሚወሰንበት ነጥብና ፖሊሲ የሚፈጸምበት ነጥብ። ቤሎቪን ራሱ ገና በ1999 ፖሊሲው በአንድ ቦታ ተጽፎ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚፈጸምበትን የተከፋፈለ ፋየርዎል አቅርቦ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2004 በዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ የማሽኑን ፋየርዎል ከመነሻው እንዲሠራ አድርጎ ሲያወጣ፣ ያለ አንድ ሣጥን በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ፋየርዎል አገኙ። ነገሩ ከራክ ላይ ወርዶ ወደ እያንዳንዱ ማሽንና ወደ እያንዳንዱ አገልግሎት ተዛወረ እንጂ አልሞተም።

ትርጉሙን ማጥራት ፋየርዎል የማይሠራውንም ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር የተሰራጨው በዩክሬን በስፋት ከሚሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም ማሻሻያ ጋር ተዳብሎ ነው፤ ማሻሻያው የተፈቀደና የሚጠበቅ ግንኙነት ነበር። የመርከብ ድርጅቱ መርስክ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና መጫን ግድ ሆነበት። የተጠቃሚዎቹን መዝገብ የያዘ አንድ ሰርቨር የተረፈው ጋና በሚገኘው ቢሮው መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ተነጥሎ ስለነበር ነው። በእኛም አገር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩ ከራሱ ሲስተም እንደመነጨ አስታውቋል። ትእዛዞቹ ከእውነተኛ ደንበኞች በተለመደው መንገድ የመጡ ናቸው፤ የትኛውም ፋየርዎል «ይህ ሰው ይህን ያህል ብር የለውም» ብሎ ሊያስቆማቸው አይችልም። ፋየርዎል ማን ከማን ጋር በምን በኩል መገናኘት እንደሚችል ይወስናል። የተፈቀደው ግንኙነት ያዘለው ነገር ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የሌላ ሥራ ነው፤ ለዚያ ሥራ ሌላ በጀትና ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሣጥኑን የሁሉ ጠባቂ አድርጎ የሚያይ ሥራ አስኪያጅ ያን ሰው አይቀጥርም።

ወደ ውጭ ስለሚሄደው ግንኙነት አንድ ነገር ልጨምር፤ በብዛት የሚረሳው እሱ ነውና። አብዛኛው ድርጅት ከውጭ የሚመጣውን አጥብቆ ይመረምርና ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ ይፈቅዳል። የሰረቀ ሰው ግን የሰረቀውን ይዞ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው፤ የተያዘ ማሽንም ከአዛዡ ትእዛዝ የሚቀበለው ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ ነው። የደመወዝ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ማሻሻያ የሚያገኝባቸው ጥቂት አድራሻዎች ካልሆኑ በቀር ምንም። ይህን ለመከልከል አዲስ ሣጥን መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለት መስመር ደንብና መልሱን የሚያውቅ ሰው ይበቃል።

አሁን የጨረታ ሰነድ ለምታዘጋጁ፣ በጀት ለምታጸድቁና ኦዲት ለምታደርጉ ሰዎች ልናገር። ስፔሲፊኬሽናችሁ ጊጋቢት በሰከንድ፣ የፖርት ብዛትና የዋስትና ዓመት ከመዘርዘሩ በፊት ሌላ ሰነድ ይጻፍ። በመሥሪያ ቤታችሁ ምን ምን መረጃ አለ፣ ማን ሊደርስበት ይገባል፣ ከየት፣ በየትኛው አገልግሎት፤ ወደ ውጭ የሚያወጡ መስመሮች ስንት ናቸው፣ ባለቤታቸውስ ማን ነው? ይህን ሰነድ የአይቲ ክፍሉ ብቻውን ሊጽፈው አይችልም፤ የደመወዙን የፋይናንስ ኃላፊው፣ የሕሙማኑን ሐኪሙ ያውቀዋልና። ሰነዱን የበላይ ኃላፊ ይፈርምበት። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ሣጥን ርካሽም ቢሆን፣ በነጻ የሚገኝ የሊኑክስ ፋየርዎልም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። ከበጀቱም ደንቡን በየጊዜው የሚመረምር፣ ማሻሻያ የሚጭን፣ የመሣሪያውን የክንውን መዝገብ (ሎጉን) የሚያነብ ሰው ደመወዝ ይመደብለት፤ ያ ሰው ከሌለ ግዢው ይዘግይ።

ሣጥኑን ቀድሞ ለገዛ ድርጅትም ጊዜው አላለፈም። ነገ ጠዋት የአይቲ ክፍሉን የደንብ ዝርዝሩን አሳትሞ እንዲያመጣ ጠይቁ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደተፈቀደና መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍበት። ባለቤት ያጣውን መስመር በሎጉ አጣርታችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ ዝጉት።